የወንድሜን ጉዳይ ለየትኛው ጠበቃ ልስጥ? ከጅማ የተነሣ ጥያቄና 25 ምላሾቹ

በአንድ የበይነ መረብ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው በጅማ ጊንጆ አካባቢ የምትኖር ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ የባጃጅ ሹፌር ሲሆን በአጋሮ መንገድ ላይ አይሱዙ ገጭቶት የግራ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ። ወደ አንድ የግል ሕክምና ተቋም ተወስዶ ራጅ ተነሣ፣ ጀሶ ታሰረለት፣ በዚያው ቀንም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ስላደረ በማግሥቱ መልሰው ወሰዱት፤ ስብራት መቼም ያማል ተብሎ ማስታገሻ ተሰጥቶት ተሸኘ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቁረው ሲቀዘቅዙ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት፤ እዚያ ሲደርስ ግን እግሩን ማትረፍ ስላልተቻለ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ይህ ከሆነ ዓመት ከሰባት ወር አልፎታል።

ጠያቂዋ ሦስት ጠበቆች አነጋግራለች። አንደኛው ሐኪም ከስሶ የረታ ሰው አላየሁም ብሎ መለሳት። ሁለተኛው ሁለት ሚሊዮን ብር እንደሚያስፈርድላት ቃል ገብቶ ከሚገኘው ገንዘብ 40 በመቶ ጠየቀ። ሦስተኛው ስለ ክፍያ ምንም ሳይናገር በእጇ ያለውን ወረቀት ሁሉ ተቀብሎ ሁለት ሳምንት ዝም አለ። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነበር፦ በሕክምና ጉዳት ላይ እውነተኛ ልምድ ያለው ጠበቃ በምን ይታወቃል? ደግሞስ በከተማው እንደሚወራው የጅማ ጠበቃ የጅማ ሐኪምን አይከስምን?

1ኛው ምላሽ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ጀምሮ የአንድ ስመ ጥር ጠበቃ ስምና ስልክ አስቀመጠ፤ የመድረኩ አስተባባሪም የግለሰብ አድራሻ አይለጠፍም በሚለው ደንብ አነሣው። እንዲህ ያለ ውይይት ሁልጊዜ የሚጀምረው በስም ጥቆማ ነው። ጠያቂዋ ግን የስም ችግር አልነበረባትም፤ የጎደላት ስሞቹን የምትመዝንበት መለኪያ ነበር።

መለኪያ ያመጣው 2ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ሕግ ያጠና መሆኑን ገልጾ፣ ስለ ጠበቃ ከማውራት በፊት ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ስለሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ማውራት እንደሚገባ አሳሰበ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ ጠያቂዋ የቀራት አምስት ወር እንኳ አይሞላም፤ ቆጠራውም እግሩ ከተቆረጠበት ቀን ሳይሆን ለጥንቃቄ ሲባል ከአደጋው ቀን መጀመር አለበት ሲል አስጠነቀቀ። ሦስቱ ጠበቆች አደጋው የደረሰበትን ቀን ጠይቀዋት እንደ ነበርም መልሶ ጠየቃት።

3ኛው ምላሽ በትሕትና ተቃወመው። የግል ተቋም ገንዘብ ተቀብሎ ሲያክም በሁለቱ መካከል የሕክምና ውል አለ፤ ሕጉም ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ስለዚህ ውል ለብቻው ደንግጓል፤ በአንቀጽ 2037 መሠረት ደግሞ የውል ግዴታ ባለመፈጸሙ የመጣ ክርክር በውል ድንጋጌዎች ነው የሚታየው፤ የውል ይርጋም በአንቀጽ 1845 አሥር ዓመት ነው በማለት እህታችንን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ አንቀጾቹም ያሉ ናቸው።

በ4ኛው ምላሽ የ2ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። የአሥር ዓመቱን ክርክር በችሎት ላይ እሱም ቢሆን እንደሚያነሣው፣ ወንጀል የሆነ ድርጊት በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ያው ይርጋ ለካሳ ክሱም እንደሚያገለግል ከአንቀጽ 2143 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ጠቅሶ አመለከተ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ቀኑ ላለፈበት ሰው መከላከያ እንጂ ገና ቀን ላለው ሰው መተማመኛ አይደለም አለ። ከዚያም እስከ መጨረሻው ሲጠቀስ የቆየውን መለኪያ ሰጠ፦ ለእያንዳንዱ ጠበቃ የይርጋውን ጥያቄ አንሺለት፤ አሥር ዓመት ስላለ አትቸኩይ የሚል ከሆነ ሁለቱን ክርክሮች አንድ ላይ አልመዘነምና ልምዱ ምንም ያህል ቢረዝም ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። በእኔ እይታ በክሩ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ በተግባር ለመሞከር የሚቀለው ይኸው ነው።

5ኛውና 6ኛው የምሬት ምላሾች ነበሩ። አንዱ ጠበቃው በቀጠሮ ቀን ባለመቅረቡ መዝገቡ እንደ ተዘጋበት፣ ሌላው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች በአንዱ አቤቱታ አስጽፎ የጠየቀው ካሳ ከደረሰበት ጉዳት ያነሰ ሆኖ እንደ ቀረ ተናገሩ።

7ኛውን ምላሽ የጻፉት ለብዙ ዓመት በአጥንት ሕክምና ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሲስተር ናቸው፤ ክሩም ከዚያ በኋላ መልኩን ለወጠ። አጥንት ሲሰበር እብጠቱ በመጀመሪያው ቀን አያበቃም፤ ለአንድና ለሁለት ቀን ይጨምራል፤ ዙሪያውን የተዘጋ ጀሶ ግን አይለጠጥም። ውስጥ ያለው ግፊት ሲያይል ደም ወደ ጡንቻው መድረሱን ያቆማል፤ ጡንቻም ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት አዲስ ስብራት ላይ ብዙ ጊዜ ግማሽ ጀሶ ይታሰራል፤ በሽተኛውም ሲሸኝ ምን ምን ሲያይ ወዲያው መመለስ እንዳለበት ይነገረዋል። በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ ጣቱን ሌላ ሰው ወደ ላይ ቀና ሲያደርግለት የሚብስ ሥቃይ፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝና መገርጣት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ሆኖ የመጣ በሽተኛ ጀሶው ከላይ እስከ ታች እስከ ቆዳው ድረስ ይሰነጠቅለታል፤ ያ ካላስተነፈሰው ደግሞ በቀዶ ሕክምና ግፊቱ ይለቀቃል።

ሲስተሯ ቀጥለው የጉዳዩ ልብ የሁለተኛው ቀን ካርድ ነው አሉ። በማግሥቱ ሲመለስ ማን አየው? በስንት ሰዓት? የጣቶቹ ሙቀት፣ ስሜትና እንቅስቃሴ ተመርምሮ ተጽፏልን? ጠበቃው የሚጠይቀው ይህን ገጽ ካልሆነና የሪፈር ወረቀቱን ብቻ ይዞ ክስ ልጻፍ የሚል ከሆነ ጉዳዩን አላወቀውም። በመጨረሻም በእናትነት አነጋገር አንድ ጥያቄ ጨመሩ፦ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል ልጁን ወጌሻ አይቶት ነበርን?

8ኛው ምላሽ የጠያቂዋ ነበር። አዎ፣ እናታቸው ልጃቸው ሲቃትት ማየት አቅቷቸው በሁለተኛው ቀን ማታ ከሰፈር አንድ ወጌሻ አስጠርተው ነበር፤ ወጌሻው ጀሶውን ከታች በኩል ትንሽ ቆርጦ ጣቶቹን አሸት አሸት አድርጎ በጨርቅ መልሶ ጠቅልሎታል። ይህን ለአንዳቸውም ጠበቃ አልነገረችም፤ አንደኛውና ሁለተኛውም አልጠየቋትም፤ ሦስተኛው በቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነክቶት ነበር ወይ ብሎ ጠይቋት ግን በእናቷ አፍራ አድበስብሳ አልፋዋለች።

እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋነት በ9ኛው ምላሽ ተበጠሰ። ጸሐፊው እግሩን የገደለው ወጌሻ ሆኖ ሳለ ስማቸው የሚጠፋው ሌሊት ከቀን የሚደክሙት ባለሙያዎች ናቸው፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ ራሱን ይክሰስ ብሎ ጻፈ። 10ኛው እሱን ልብ የሌለው ሰው ሲል ሰደበው፤ ልጁ ወጌሻ ጋር የደረሰው የተማረው ሰው በማስታገሻ ስለ ሸኘው አይደለምን ሲልም ጠየቀው። 11ኛው የአስተባባሪው ማስጠንቀቂያ ነበር። 10ኛው የጻፈው በቁጣ ቢሆንም የተናገረው የጊዜ ቅደም ተከተል በኋላ ላይ ከ12ኛው ምላሽ ጸሐፊ ሐሳብ ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል።

12ኛው ምላሽ ረጅም ነው፤ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሟገት ጠበቃ የጻፈው ነው። ወጌሻው መኖሩ ክሱን አይገድለውም፤ መደበቁ ግን ይገድለዋል በማለት ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለውን አበው ተናግረውታል አለ። ተከሳሹ ይህን ከሪፈር ሆስፒታሉ ካርድ ላይ ማግኘቱ አይቀርም፤ ያልተሟላ ጀሶና የጨርቅ ጥቅል አይቶ ያልመዘገበ ሐኪም የለምና። ስለዚህ አቤቱታው ራሱ አስቀድሞ ሊያነሣው፣ ምልክቱም ከወጌሻው በፊት በሁለተኛው ቀን ጠዋት የታየ መሆኑን ሊያስረዳ ይገባል። ቤተሰቡ ጥፋት አለበት ቢባል እንኳ አንቀጽ 2098 ካሳውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑት ብዙ ሲሆኑም በአንቀጽ 2155 መሠረት በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ለሙሉው ካሳ፣ ይጠየቃሉ።

ቀጥሎም የማስረዳት ሸክሙን ዘረዘረ። አንቀጽ 2647 ሐኪም በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ለመዳን ዋስ እንዳልሆነና የሚጠየቀው በሙያው ደንብ ሲመዘን ጥፋት ሲገኝበት ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል፤ አንቀጽ 2031ም የሙያ ሰው የሙያውን ሥርዓት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ተቋሙ ራሱ በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በአንቀጽ 2651 በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ይሆናል፤ ስለዚህ ደመወዝተኛውን ብቻ ከስሶ ተቋሙን መተው የጀማሪ ስሕተት ነው። ዳኛ የአጥንት ሐኪም አይደለም፤ ጥፋት መኖሩን የሚነግረው የሙያው ሰው ነው። በመሆኑም ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ማቅረብና ውሳኔውን እንደ ማስረጃ ማያያዝ፣ አልያም ፍርድ ቤቱ ልዩ ባለሙያ እንዲመድብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮሚቴው እስኪወስን ብሎ መቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ ለኮሚቴ ማመልከት ክስ መመሥረት አይደለም። በወንጀል በኩል ፖሊስ ምርመራውን ቢዘጋ ወይም ተከሳሹ ነጻ ቢወጣም የካሳ ዳኛው በዚያ እንደማይታሰር አንቀጽ 2149ን ጠቅሶ አስረዳ።

ልምድ ያለው ጠበቃ በምን ይታወቃል ለሚለው የሰጠው መልስ ከዓመት ጋር አልተያያዘም። ሃያ ዓመት ሙሉ የውርስና የይዞታ ክርክር ሲመራ የኖረ ሰው በሕክምና ጉዳይ ጀማሪ ነው፤ አራት ዓመት ሠርቶ ሁለት የአካል ጉዳት መዝገብ እስከ አፈጻጸም፣ ማለትም የተፈረደው ገንዘብ እስከሚከፈልበት ደረጃ፣ ያደረሰ ይበልጠዋል። ቀድሞ የያዘውን መዝገብ ቁጥር ጠይቂው፣ የተፈረደውን ብቻ ሳይሆን የተከፈለውንም ጠይቂው፣ በተረታበትም ምክንያቱን እንዲነግርሽ አድርጊ፤ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከታተሙት ውሳኔዎች መካከል ለሐኪም ኃላፊነት የሚጠቅመውን ሊነግርሽ ካልቻለ አመስግነሽው ውጪ አላት።

13ኛው ምላሽ ወሬውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ከአዲስ አበባ ጠበቃ ማምጣት እንደሚሻል፣ ዝነኞቹ ያሉት እዚያ እንደ ሆነ፣ 350 ኪሎ ሜትርም ሩቅ እንዳልሆነ ጻፈ። 14ኛው የጅማን ሰው ዝቅ አድርገህ አየህ ብሎ ተቆጣ፤ ጥቂት የማይጠቅሙ ቃላትም ተወራወሩ። 15ኛው ምላሽ ስድቡን ትቶ ፍሬ ነገሩን ያዘ፤ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ አቤቱታ፣ መልስና የቃል ክርክር የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ የሕክምና ካርዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነውና መተርጎም አለበት። የመጣው ጠበቃ አፋን ኦሮሞ የማይችል ከሆነ ዞሮ ዞሮ ጅማ ላይ ሌላ ሰው ይቀጥራል፤ ደንበኛውም ለሁለት ይከፍላል። ፈቃዱም መታየት አለበት፤ የክልል ፈቃድና በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የሚሰጠው የፌዴራል ፈቃድ የተለያዩ ናቸውና የታደሰ መሆኑንም ጭምር ሳያዩ ውክልና መስጠት አይገባም። ምላሹ ለአዲስ አበባዎቹ አንድ ነገር ብቻ ተወላቸው፦ ሙያዊ አስተያየት የሚሰጥ የአጥንት ስፔሻሊስት ከከተማው ውጭ መፈለጉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እዚሁ ያሉት ሐኪሞች በአንድ ግቢ የተማሩ፣ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ናቸውና።

ይህ ደግሞ የጠያቂዋን ሁለተኛ ጥያቄ ቀሰቀሰው። በ16ኛው ምላሽ አንድ ነጋዴ የጅማ ጠበቃ ሐኪምን አይከስም መባሉ ሐሜት ነው አለ፤ የአጎቱን ልጅ ጉዳይ የያዘው የጅማው መርካቶ አካባቢ ጠበቃ አንድ ክሊኒክ ከስሶ ማስፈረዱን መሰከረ። የሚያስፈራው ጠበቃው መፍራቱ ሳይሆን መጠቀሙ ነው ሲልም አከለ፤ አንዳንድ ጠበቃ ለግል የሕክምና ተቋማት በወር እየተከፈለው ያማክራል፤ ይህን ሳይናገር ጉዳዩን ተቀብሎ ቢያለዝበው ደንበኛው በምን ያውቃል? ስለዚህ ከዚህ ተቋም፣ ከባለቤቱም ሆነ ከመድን ሰጪው ጋር የሥራ ግንኙነት የለኝም የሚል ዓረፍተ ነገር በጥብቅና ውሉ ውስጥ ይግባ አለ። ጠበቃው ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ከጠቆረ መልሱ ተገኝቷል። እኔም ይህ ጥያቄ ከዝናና ከዕድሜ ሁሉ መቅደም ነበረበት ባይ ነኝ፤ ጅማን በመሰለ ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ከተማ ገለልተኛነት በግምት የሚተው ነገር አይደለም።

17ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ሁላችሁም ጀሶው ላይ ስትጣሉ አይሱዙውን ረሳችሁት አለ። ትክክል ነበር። የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት በአንቀጽ 2081 መሠረት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ አድርጓል፤ አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር ነበር። ይህ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ የሚከፍለው ልክ እንጂ የጉዳቱ ልክ አይደለም፤ የቀረውን ባለቤቱ ይከፍላል። የሥራ ባልደረቦቹ ግን የመድኑን ገንዘብ ሲቀበሉ ምን ላይ እንደሚፈርሙ ሳያነቡ ፈርመው ጉዳዩ አለቀ ብለው ይቀመጣሉ። የእናንተስ ልጅ ምን ፈርሟል ብሎ ጠየቀ።

በ18ኛው ምላሽ ጠያቂዋ ወረቀቱን አውጥታ አነበበችው፤ የፈረመው መድን ሰጪውን ነጻ የሚያወጣ ደረሰኝ እንጂ ባለቤቱን የሚመለከት ቃል አልነበረበትም። የ12ኛው ምላሽ ጠበቃ በአንድ መስመር እፎይ ካለ በኋላ የአይሱዙው ይርጋ ከጀሶው በፊት እንደሚያልቅ፣ አደጋው ቀደም ብሎ የደረሰ ነውና፣ አስታወሳት።

19ኛው ምላሽ ስለ ክፍያ ነበር። ጸሐፊዋ የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆን 40 በመቶ ከምን ላይ እንደሚሰላ ጠየቀች፤ ከተፈረደው ነው ወይስ በአፈጻጸም እጅ ከገባው? የዳኝነት ክፍያውን፣ የትርጉሙንና የባለሙያ አበሉን የሚችለው ማን ነው? ይግባኝና ሰበር በዚሁ ክፍያ ውስጥ ናቸው ወይስ አዲስ ውል ይጠይቃሉ? ጠበቃው መሐል ላይ ቢተወውስ? እነዚህ በጽሑፍ ካልሰፈሩ ሁለት ሚሊዮን የሚለው ቃል የአፍ ወሬ ነው። አቅም ከሌላችሁም ሁለት በር አለ አለች፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከአንቀጽ 467 ጀምሮ አቅም የሌለው ከሳሽ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል።

20ኛው ምላሽ ከመንገድ ወጣ፤ ስለ ሐኪሞች ደመወዝና ስለ ኑሮ ውድነት ረጅም ምሬት ነበር፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም በአስተያየት ተከትለውት ሄደው ነበር።

የመለሳቸው 21ኛው ነው፤ ጸሐፊው ሐኪም ሲሆን አነጋገሩ ለስላሳ አልነበረም። ሰው ሲሞት ሐኪም፣ እግር ሲቆረጥ ሐኪም፣ ወጌሻ ሲያሸው ግን እግዜር ትላላችሁ አለ። መጥፎ ውጤት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ አይሱዙ የገጨው እግር በአደጋው ቀን የደም ሥሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ጀሶ ቢሰነጠቅም ባይሰነጠቅም እግሩ አይተርፍም ነበር። ይህን የሚለየው የቀዶ ሕክምናው ዘገባ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ሲከፍተው ያየው ደም ሥሩ ተቆርጦ ነው ወይስ ጡንቻው በግፊት ሞቶ? ይህን ዘገባ ሳያነብ ሐኪም ልክሰስ የሚል ጠበቃ በሰው ስም ይጫወታል ብሎ ደመደመ። ሲስተሯ በዚያው ሥር ስለ ቀዶ ሕክምናው ዘገባ ልጄ ልክ ነህ፣ ስለ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ምን ትላለህ ሲሉ ጠየቁት፤ መልስ አልሰጠም። ቁጣው ቢያስከፋም በእኔ ግምት ከሳሽ ወገንን ከማንም በላይ የጠቀመው ይህ ምላሽ ነው፤ ተከሳሹ የሚያነሣውን መከላከያ ከወዲሁ በነጻ አስቀምጦላቸዋልና።

በ22ኛው ምላሽ የ2ኛው ምላሽ ጸሐፊ የሆነው የሕግ ምሩቅ ስለ ካሳው መጠን ጻፈ። ሕጉ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ወደፊት እንደሚደርስ የተረጋገጠ ጉዳትም ዛሬ ይታሰባል። የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው፣ እስከ ዛሬ የአንድ ወጣትን እግር ኀዘን ይለካበታል። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን ቢገኝም የሚገኘው ከታጣ ገቢና ከወጪ ማስረጃ እንጂ ከእንባ አይደለም። የባጃጅ ሹፌር የደመወዝ ወረቀት የለውም፤ ለባጃጁ ባለቤት በየቀኑ ያስገባ የነበረው ሒሳብ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ምስክርነት፣ በማኅበር ተደራጅቶ ከሆነም የማኅበሩ ደብዳቤ ይሰብሰብ። የሕክምና ቦርድ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ይግለጽ፤ ሰው ሠራሽ እግር ስንት እንደሚያወጣና በስንት ዓመት እንደሚቀየር በጽሑፍ ይያዝ። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው ግምት፣ ይወስናል፤ ርትዕ ግን ባዶ መዝገብ ላይ እጁ አይፈታም። ሁለት ሚሊዮን ያለው ጠበቃ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሳይጠይቅ ቁጥሩን ከየት አመጣው ሲል ጠየቀ። የመለሰለት ሰው አልነበረም።

በ23ኛው ምላሽ ጠያቂዋ አዲስ ነገር ይዛ መጣች፤ የተቋሙ ባለቤት ሽማግሌ ልከዋል። ሽማግሌዎቹ የሰፈር አባቶች ናቸው፣ እናቷም ሊያሳፍሯቸው አልፈለጉም፤ የቀረበው ገንዘብ የመጀመሪያውን ሕክምና ወጪ እንኳ አይሸፍንም። 24ኛው የ12ኛው ምላሽ ጠበቃ ነው፤ ሽማግሌ ማክበር ባህላችን ነው፣ ጃርሱማም (የኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት) ብዙ ቤት አድኗል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ስምምነት አንድ ጊዜ ከተፈረመ በኋላ በፍርድ ቤት ማፍረስ ከባድ ነው አለ። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብላችሁ ወረቀቱ ጠበቃ ሳያየው አይፈረምም በሏቸው፤ ድርድሩ ሲረዝም ደግሞ ይርጋው አብሮ እንደሚሮጥ አትርሱ ብሎ አሳሰበ። 9ኛው ጸሐፊ ብቅ ብሎ ተቀበሉና ተገላገሉ አለ፤ በዚህ ጊዜ የሰደበው የለም።

25ኛው ምላሽ ከሳምንታት በኋላ የተለጠፈ ነው። ጠያቂዋ ጉዳዩን ለሦስተኛው ጠበቃ ሰጥታለች። ዝም ያለባቸውን ሁለት ሳምንታት ያሳለፈው ካርዱን ከአንድ ሐኪም ጋር ሲያነብ እንደ ነበረ ነግሯታል፤ የወጌሻውንም ነገር ስትነግረው አልደነገጠም፣ ከሪፈር ሆስፒታሉ ካርድ ላይ ቀድሞ አይቶት ነበር። ለሌላ ክሊኒክ ከዓመታት በፊት አማክሮ እንደ ነበር ሳትጠይቀው ገልጾላታል፤ ከዚህኛው ተቋም ጋር ግንኙነት እንደሌለውም በውሉ ላይ ጽፏል። ክፍያውን በየደረጃው ከፋፍሎ፣ አብዛኛውን ገንዘቡ እጃቸው ሲገባ እንዲሆን ተስማምተዋል። የካሳውን መጠን ሲጠየቅ የቦርዱ መቶኛ እስኪመጣ ቁጥር አልናገርም ብሏል።

የ3ኛው ምላሽ ጸሐፊ የአሥር ዓመቱ ክርክር አሁንም ትክክል መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም፤ ጠበቃውም በአማራጭ እንደሚያቀርበው ተነግሮታል። ክሱ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ የሁለቱ ዓመት ገደብ ሳያልቅ ገብቷል። ተከሳሾቹ የመኪናው ባለቤት፣ የሕክምና ተቋሙና ጀሶውን ያሰረው ባለሙያ ናቸው፤ ወጌሻው በምስክሮች ዝርዝር ውስጥ ተቆጥሯል፣ ጣቶቹ እሱ ከመምጣቱ በፊት ቀዝቅዘው እንደ ነበር ሊመሰክር።